የአያት ስም

አያቴ ባረፈች በሦስተኛው ሳምንት ሞቷን ላስመዘግብ ሄጄ አንድ ቅጽ ተሰጠኝ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነበር። ባሮ ሞልቶ ከድልድዩ ሥር እያጉረመረመ ያልፋል፤ የጋምቤላ ሙቀት ከእርጥበቱ ጋር ተባብሮ ወረቀቱን ክንዴ ላይ ያጣብቀዋል። ስሟን ጻፍኩ። የአባቷን ስም ጻፍኩ። «የአያት ስም» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

አላውቀውም። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ጉልበቷ ላይ ተኝቼ አድጌ፣ የአባቷን አባት አላውቀውም። መዝጋቢዋ ልጅ ጥያቄው ያልገባኝ መስሏት «የአያቷን ስም እኮ ነው የሚለው» አለችኝ በትሕትና። እኔም በልቤ «የትኛዋን አያቷን?» አልኩ። ይህን ጥያቄ ከዚያች ደቂቃ በፊት በዕድሜዬ ጠይቄው አላውቅም።

አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ቸርነት አለው። አባት ወንድ ነው፤ እናት ሴት ናት፤ ወንድምና እኅት፣ አጎትና አክስት ተለይተው ይጠራሉ። አያት ግን ጾታ የለውም። ሴቷም አያት ናት፤ ወንዱም አያት ነው፤ መለየት የፈለገ «ሴት አያቴ» ወይም «ወንድ አያቴ» ብሎ ቃል መጨመር አለበት። ቋንቋው ከወላጆቻችን ወዲያ ያሉትን ሁለቱንም በአንድ መደብ ላይ አስቀምጧቸዋል። ቅጹ ግን አንዷን አስነሥቷታል። ከአንደኛ ክፍል ምዝገባ እስከ ባንክ ደብተር፣ ከቀበሌ መታወቂያ እስከ ፓስፖርት፣ «የአያት ስም» በሚለው ፊት የሴት አያቱን ስም የጻፈ ሰው አይቼ አላውቅም። ስንጽፍ የነገረን የለም፤ ጠይቀንም አናውቅም፤ እጃችን ብቻ ያውቀዋል።

ስለዚህ በዚህች ሐተታ «አያቴ» ስል እሷን ማለቴ ነው። ወንዱን አያቴን፣ በስሜ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሄድኩበት ሁሉ አብሮኝ የሚዞረውን፣ «ባሏ» እለዋለሁ። ለአንድ ጽሑፍ ያህል ሚዛኑ በወዲያኛው በኩል ያድላ።

አያቴ አኝዋሃ ነበረች። ባሏ ከጎሬ ቡና ጭኖ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ። በአኝዋሃ ዘንድ የብዙ ወንዶች ስም በ«ኦ» ይጀምራል፣ የብዙ ሴቶች ደግሞ በ«አ»። ከመንታ በኋላ የተወለደው ወንድ ኦኬሎ ሲባል ሴቷ አኬሎ ትባላለች፤ ወንድምና እኅትን የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው። የአያቴም ስም በ«አ» ይጀምር ነበር። ስታገባ የባሏ ዘመዶች የክርስትና ስም አወጡላት። ዕድሩ በባሏ ስም መዘገባት። ስትወልድ የእገሌ እናት ተባለች። እኛ የልጅ ልጆቿ «እማማ» አልናት፤ ሰፈሩም ተከተለን። በኖረች ቁጥር አንድ ስም እየደረበች ሄዳ የመጀመሪያው ከሥር ተቀበረ። እኔም እዚህ አላወጣውም። በሕይወቷ ሳለች ያልጠራሁበትን ስም ከሞተች በኋላ ለጌጥ ባውለው ደስ አይላትም።

ቅጹ «ዕድሜ» የሚልም ቦታ አለው። ልጆቿ በዚህ ጉዳይ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሲከራከሩ ነበር የሰነበቱት። በ1933 ዓ.ም. የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ጣልያንን ከጋምቤላ አስለቅቀው ወደ ደምቢዶሎ ሲወጡ አያቴ አይታቸዋለች። መልካቸው የሷን ወገኖች የሚመስል፣ ከንግግራቸው ግን አንድ ቃል የማትሰማው ሰዎች ስለነበሩ እስከ እርጅናዋ ድረስ እየተገረመች ታወራቸው ነበር። ትልቁ አጎቴ «ያኔ እንስራ የምትሸከም ልጅ ነበረች፤ ቢበዛ 12 ዓመት» ይላል። አክስቴ «ምን ያለ 12! ለጋብቻ ደርሳ ነበር እንጂ» ትላለች። በአጎቴ ሒሳብ ስታርፍ 89 ዓመቷ ነው፤ በአክስቴ ሒሳብ 94። መታወቂያዋ ላይ የተወለደችበት ቀን መስከረም 1 ተብሎ ተጽፏል፤ ጸሐፊዎች ቀን ለሌለው ሰው የሚያድሉት ቀን ነው። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ኩሌና ቲየርኪዲ፣ ጄዊና ንጉኚየል መጠለያዎች የሰፈሩት ስደተኞች ዘንድ ብትሄዱ ደግሞ በመዝገብ ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለደው ሰው ብዛቱ ያስገርማችኋል። ወረቀት የማያውቀውን ሰው በዓመቱ ደጃፍ ላይ ያቆመዋል።

በአገራችን ልደትና ሞት በወጥ ሥርዓት በየቦታው መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አያቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። መንግሥት መምጣቷን አላየም፤ መሄዷን ግን ተራ ቁጥር ሰጥቶ መዘገበው። ይህን የምለው መዝገቡን ለመናቅ አይደለም። መዝገብ የሌለው ሕዝብ ሲጠፋም እንደማይቆጠር ጋምቤላ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል። የምጠይቀው ሌላ ነው። ረጅም ዕድሜ ምንድን ነው? በምን ይለካል?

በሰነድ ተረጋግጦ በዓለም ላይ ረጅሙን ዕድሜ የኖረችው ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን ናት። እ.ኤ.አ. በ1875 ተወልዳ በ1997 ስታርፍ 122 ዓመት ከ164 ቀን ሆኗት ነበር። ከቀኖቿ አንዱ እንኳ አልጠፋም፤ ሁሉም ተቆጥሯል። ነገር ግን አንዲት ልጇም፣ አንድ የልጅ ልጇም ቀድመዋት ሞተዋል። የልጅ ልጇ ከሞተ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትኖር «አያቴ» ብሎ የሚጠራት ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ይህን ባነበብኩ ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አያት የዕድሜ ስም አይደለም። ሰው ብቻውን መቶ ዓመት ቢኖር ሽማግሌ ይሆናል፣ አሮጊት ትሆናለች፤ አያት ለመሆን ግን የሚጠራ አፍ ያስፈልጋል። የካልማን ዕድሜ ቁጥሩ ሙሉ ነው። የአያቴ ዕድሜ አምስት ዓመት ቢያወዛግብም የሚከራከርላት ድንኳን ሙሉ ሰው ነበራት።

እሷ ራሷ ዓመትን የምታስበው በወንዙ ነበር። ባሮን አኝዋሃዎች ኦፔኖ ይሉታል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች የፈረሙት የድንበር ውል፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቅዶ ነበር፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ። የጋምቤላ ከተማ ከዚያ ውል በቀለች። በክረምት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባት፣ በባሮ አድርገው ይመጣሉ፤ ጨውና ጨርቅ አራግፈው፣ ከጎሬና ከሰዮ በበቅሎና በሰው ጀርባ የወረደውን ቡና ጭነው ውሃው ሳይጎድል ይመለሳሉ። የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ይቀራል።

አያቴ በልጅነቷ ነገሩ ተገልብጦ ነበር የሚታያት። መርከቧ ስትመጣ ወንዙ ይሞላል፤ መርከቧ ስትሄድ ወንዙ ይጎድላል። ስለዚህ ውሃውን ከታች አገር እየጎተተች የምታመጣው መርከቧ መሰለቻት። ፊሽካዋን ስትሰማ «ክረምት መጣ» ብላ ትሮጣለች። ይህን ስትነግረን ጋያዋን ከአፏ አውጥታ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር።

እኔ ግን ያቺ ሕፃን ጨርሳ የተሳሳተች አይመስለኝም። ስለ ሽማግሎቻችን የምንናገረው ዘመን እነሱን ይዟቸው እንደመጣ አድርገን ነው። ለእኔ ግን ዘመኑን ጎትታ ያመጣችልኝ እሷ ናት። የመርከብ ጊዜ፣ የጣልያን ጊዜ፣ የኮንጎዎች ጊዜ፣ ሱዳን በ1948 ነፃ ወጥታ የእንግሊዝ ሰንደቅ ከወንዙ ዳር የወረደበት ጊዜ፣ በ1977 ከወሎና ከትግራይ፣ ከከምባታም የመጡ ሰፋሪዎች በጠራራ ፀሐይ የወረዱበት ጊዜ፣ ኢታንግ በስደተኛ ተጥለቅልቃ ከተማ ያከለችበት ጊዜ። በመጽሐፍ ያገኘኋቸው ኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ወንዝ ነበሩ፤ ፊሽካው የሷ ድምፅ ነበር። እሷ ስትሄድ ውሃው ጎደለ።

ከወንዙ ቁልቁል ያሉት ኑዌሮች ስለ ጊዜ ያላቸውን አስተሳሰብ ዓለም ያወቀው በኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ስለ ኑዌሮችና ስለ አኝዋሃዎች የጻፋቸውን መጻሕፍት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተመ፤ ወዲያውም ጠመንጃ ያነገቡ አኝዋሃዎችን እየመራ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ጣልያንን ተዋጋ። ስለ ኑዌሮች ከጻፈው ውስጥ እኔን የያዘኝ አንድ ትዝብት አለ። ኑዌር የዘር ሐረጉን ሲቆጥር ከመጀመሪያው አባት እስከ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ትውልድ ይሆናል። አባቱም ሲቆጥር እንዲሁ ነበር፤ ልጁም ሲቆጥር እንዲሁ ይሆናል። በዚህኛው ጫፍ ሰው ሲጨመር ከመሃል አንድ ሰው ይወድቃል። የዓለም መጀመሪያ አይርቅም። የሰው ዘር ከሥሩ ወጣ የሚባለው ዛፍ እንኳ ተመራማሪው ይህን ከመጻፉ ጥቂት ዓመታት በፊት ቆሞ ይታይ ነበር።

መርሳት እዚህ ላይ በደል አይመስልም። ሰንሰለቱ ቢረዝም የሚሸከመው አይኖርም። ጥያቄው ከመሃል የሚወድቀው ማን ነው የሚለው ነው። የሚወድቀው መተላለፊያ ብቻ የሆነው ነው፤ ከአንዱ ተቀብሎ ለአንዱ ያቀበለው። ሐረጉ ለሁለትና ለሦስት የተከፈለበት ቦታ ግን አይረሳም፤ እሱን የረሳ ዘመዱን ከባዳ አይለይም። እንግዲህ ሐረግ የሚከፈለው የት ነው?

አንድ የኑዌር የሥራ ባልደረባዬ ይህን በእንጨት አቧራ ላይ ሥሎ አሳይቶኛል። አንድ አባት። ሦስት ሚስቶች። ሦስት ጎጆዎች። የአባትየው ስም አንድ ስለሆነ ልጆቹን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው የወጡበት ጎጆ ነው። ስለዚህ ኑዌር ዘሩን «ቶክ ድዊል» ይለዋል፤ የጎጆ ደጃፍ ማለት ነው። «ቶክ ማች»ም ይለዋል፤ የምድጃ አፍ። ልጅ በአባት የሚቆጠርበት፣ ከብት ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድበት ሕዝብ ዘሩን የሚጠራበት ቃል ሲያጣ የተዋሰው ከእናት ቤት ነው። ገመዱ የአባት ነው፤ ቋጠሮው የእናት።

እኛስ? እኛም «ቤት» እንላለን። «የነእገሌ ቤት»፣ «ሰባት ቤት»። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ ሽማግሎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ያን ጊዜ በእናትም በኩል ይቆጠራል፣ በአያትም በሴቷ በኩል። በጎጃምና በጎንደርም ርስት በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል መብቱን ይጠይቅ ነበር፤ ከብዙ ትውልድ በፊት የኖረች አንዲት ሴት ስሟ በችሎት ይነሣል፤ በሷ በኩል መሬት አለና። እንግዲህ ሴቶቹን አያቶቻችንን ጨርሰን ረስተናቸው አናውቅም። መሬት ሲኖራቸው እናስታውሳቸዋለን። እንዳንጋባ ሲከለክሉን እናስታውሳቸዋለን። ማን እንደሆንን ስንጠየቅ ግን አንጠራቸውም። መታወቂያዬ ላይ «ብሔር» የሚል ቦታ ነበር፤ የተጻፈበት የባሏ ነው። በአንድ ካርድ ላይ ሁለት ጊዜ ተዘላለች።

አኝዋሃዎች ደግሞ ሌላ መዝገብ ነበራቸው። በጥንቱ ጋብቻ ለሴቷ ቤተሰብ የሚሰጠው ዲሙይ ነበር፤ ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ። ዶቃው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ እንደ ልብ አይገኝም። እኅት ስታገባ በገባው ዲሙይ ወንድም ያገባል። ስለዚህ የአንዱን ዶቃ ጉዞ ወደኋላ የተከተለ ሰው ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ ሴት፣ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ደጃፍ እየተቀባበሉት ይሄዳል። የአያቴ ባል ዲሙይ አልነበረውም፤ ሲራራ ነጋዴ ከየት ያመጣል? በገንዘብ ከፈለ። ወንድሟ ያን ገንዘብ ይዞ የዲሙይ ባለቤት ፍለጋ ብዙ ተንከራቷል ይባላል። አያቴ ይህን ስታነሣ «ገንዘብ መንገዱን አያውቅም» ትል ነበር። ዶቃ ከየት እንደመጣ ያውቃል ማለቷ ነው።

አማርኛን የለመደችው ካገባች በኋላ ነው፤ እስከ መጨረሻዋም በራሷ ሕግ ተናገረችው። በአኝዋሃ ቋንቋ እሱና እሷ አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ «እሱ ቡና አፈላ» ካለች እናቴ ቡና አፍልታለች ማለት ነው። አንቱታም አልገባትም፤ ለቄሱም፣ ለቀበሌው ሊቀ መንበርም፣ ለጎረቤት ሕፃንም «አንተ» ነበር። እንግዳ ይደነግጣል፤ ቄሱ ግን ለምደውት ይስቁ ነበር። እኛ ልጆች «እማማ፣ እሷ በይ እንጂ!» ብለን እናርማታለን። «እሺ፣ እሷ» ትልና ወዲያው ስለ አባቴ «እሷ የት ሄደች?» ብላ ትጠይቃለች።

ያን ጊዜ ስሕተት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አማርኛችን በአንዲት «አያት» በምትባል ቃል ብቻ የደረሰበትን እሷ በሁሉም ሰው ላይ ታደርገው ነበር። ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ መጀመሪያ ሰው መሆኑ ነው የሚታየው፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ደገኛ ይሁን ቆለኛ የሚለየው ሲቀርብ ነው። አያቴ በቅርብ የቆመውንም ሰው እንደዚያ ታየው ነበር።

የማይቀርበት ቦታ ደረስኩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ከከተማ ውጪ በመኪና ሲጓዙ አድፍጠው የጠበቋቸው ሰዎች የገደሏቸው የ8 ሰዎች አስከሬን ጋምቤላ ገባ። ጥፋቱ በአኝዋሃ ላይ ተጣለ፤ ቁጣው ነደደ፤ በዚያች ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በመቶ የሚቆጠሩ አኝዋሃዎች በሰፈራቸው፣ በደጃቸው ተገደሉ። ስለ ቀኑ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጽፈዋል። እኔ ስለ አንድ ደጃፍ ብቻ እናገራለሁ።

ቤታችን ከውጪ በደገኛ ስም የሚጠራ፣ ከውስጥ በአኝዋሃ ሴት የሚተዳደር ቤት ነበር። ያን ቀን በሩ ላይ የቆመችው እናቴ ናት። የመጣውን ሁሉ የአያቴን ባል ስም እየጠራች «የእገሌ ቤት ነው!» ትላለች፤ ሰውየው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ልደብቀው አልችልም። በቅጽ ላይ አያቴን የሸፈነው ስም ያን ቀን እሷንና ከኋላዋ የተጠለሉትን የጎረቤት ልጆች ሸፈናቸው። የአባት ስም መዝጊያ ነው፤ መዝጊያ የሚያስፈልግበት ቀን አለ። ከመዝጊያው ኋላ ግን ማን ይግባ ያለችው እሷ ነበረች።

አያቴ ሰው አትቆጥርም። ልጅ በጣት ከተቆጠረ ይቀንሳል ትላለች። ማታ ማታ የምትቆጥረው ቅል ነው። ግማሽ ቅሎችን ከገንፎው ድስት አጠገብ በክብ ትደረድራለች፤ እኛ እየመጣን እናነሣለን፤ ያልተነሣ ቅል ካለ ያልገባ ሰው አለ ማለት ነው። ሁልጊዜ ግን አንድ ይተርፍ ነበር። ሁላችንም ገብተን፣ በልተን ስንጨርስ አንድ ባዶ ቅል መሬት ላይ ይቀራል። ዕድሜዋን የማታውቅ ሴት ቁጥር ተሳስቷት ነው ብለን እንስቅባት ነበር። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ «እማማ፣ አንድ በዝቷል» ቢላት «አልበዛም፤ አልመጣም» አለችው። ማን? አልነገረችውም። አንዳንድ ማታ ከኢታንግ በኩል የመጣ ዘመድ ያነሣው ነበር፤ አንዳንድ ማታ አስተማሪ፣ አንዳንድ ማታ ቤቱን የሳተ ሰካራም።

ያን ቅዳሜ ማታም ደረደረቻቸው። ያን ማታ አንድም አልተረፈም፤ ለሁለት ለሁለት ነበር የበላነው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ለሚጠይቃት ሁሉ፣ ጋዜጠኛም ይሁን የሩቅ ዘመድ፣ መልሷ አንድ ነበር። «ቅሉ አልበቃም።» ሌላ ቃል አልጨመረችበትም።

የረጅም ዕድሜ ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚለኝ የማውቀው መልስ ይህ ነው። ብዙ መኖር ብዙ ማየት ነው ይባላል፤ ብዙ አይተው አንድም ያልተማሩ ሽማግሎች አሉን። አያቴ ከመርከቡ እስከ መኪናው ያየችውን ሁሉ ይዛ የደረሰችበት ትምህርት አንድ ትርፍ ቅል ነው። የዘር ቆጠራ ሁሉ፣ የኑዌሩም የእኛም፣ ያለፈውን ነው የሚቆጥረው፤ ከማን ተወለድክ? የሷ ቆጠራ ወደፊት ያያል፤ ማን ሊመጣ ይችላል? ደጃፍ ሁለት ሥራ አለው። ልጅ ይወጣበታል፤ እንግዳ ይገባበታል። ዘራችንን በደጃፍ የምንጠራው ከሆነ የሚገባበትንም አብረን መጥራት አለብን፤ አለዚያ ደጃፉ ግድግዳ ይሆናል።

ወደ ቅጹ ልመለስ። የጎደለውን ስም ፍለጋ በእናቷ በኩል ዘመዷ ወደሆኑ አንድ አኝዋሃ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው አልተቸገሩም። አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን፣ እስከ ስምንት ወንድ ድረስ እንደ ዳዊት ደጋሚ አወረዱልኝ። ሁለተኛውን ስም ጻፍኩ፤ ቅጹ ሞላ። ወረቀቱን ካጠፍኩ በኋላ ግን መዝጋቢዋ ፊት በልቤ የጠየቅኩትን ጠየቅኳቸው። የእናቷ እናትስ? ማን ትባል ነበር?

ሽማግሌው ዝም አሉ። ወደ ወንዙ አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ስሟን ከአየር ላይ ሊይዙ የሞከሩ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻም አያቴ በምትናገረው አማርኛ «ይህን የሚያውቅ እሱ ነበር» አሉኝ።

እሷን ማለታቸው ነው።

መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰብኩ ተመለስኩ። ቅጹን እከስሳለሁ፣ ቋንቋን እመረምራለሁ፣ የሌላ አገር ሰው የጻፈውን መጽሐፍ አገላብጣለሁ፤ መልሱን የምታውቀው እሷ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ ጋያዋን ታጨስ ነበር። የማንም ቅጽ አልከለከለኝም። «አያትሽ ማን ትባል ነበር?» ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ምናልባት የእሷ እናት የነገረቻትን፣ የዚያችም እናት የነገረቻትን ጨምራ ትነግረኝ ነበር። ስለ መርከቡ ጠየቅኳት፤ ስለ ጣልያን ጠየቅኳት። የጠየቅኳት ሁሉ ወንዶች ያደረጉትን ነበር። ከመሃል የሚወድቁትን የሚጥላቸው እንዲህ ያለ እጅ ነው፤ ክፋት የሌለበት፣ ያልጠየቀ እጅ።

በዚያው ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አክስቴ ገንፎውን አውርዳ፣ ልማድ ሆኖባት፣ አያቴ በነበረችበት ቁጥር ቅሎቹን ደረደረቻቸው። አነሣን፤ በላን። ሲያልቅ መሬት ላይ ሁለት ባዶ ቅል ቀረ። ሁላችንም አየናቸው፤ ማንም አልተናገረም።

አክስቴ አንዱን አነሣች። ጠርዙ በሷ ጥርስ የተሸረፈውን፣ የአያቴን። አጥባ ከጣሪያው ሥር ሰቀለችው።

ሌላውን ማንም አልነካውም።